የዮፍታሄ ሽማግሌዎች

ጋሽ አሳምነው ይማም ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ታክሲ ነድቷል። የሰከረ አድርሷል፣ የተጣሉ ባልና ሚስት አድርሷል፣ አንዴም ከሆሊውድ ያሳፈራት ሴት ምጥ ይዟት ሆስፒታል በር ላይ ስትደርስ ከኋላ ወንበር ወልዳበታለች። ይህን ሁሉ እየሳቀ ነው የሚያወራው። ያን እሑድ ከሰዓት ግን ሁለት ሽማግሌዎችን ጭኖ በፒኮ መንገድ ሲነዳ ሳቁም ወሬውም ጠፋበት። አንደኛው ከፊት፣ ሁለተኛው ከኋላ ተቀምጠዋል። የፊተኛው በቀኝ መስኮት ያያል፣ የኋለኛው በግራ።

«ኦኬ» አለ አሳምነው በእንግሊዝኛ። «አንዴ ልድገመው። ስንገባ አንቀመጥም። ተቀመጡ ቢሉንም አንቀመጥም። የምንቀመጠው ጉዳያችን ከተሰማ በኋላ ነው። ንግግሩን እኔ እከፍታለሁ፤ እናንተ ስለ ልጁ የምታውቁትን ትናገራላችሁ። ስለ ፖለቲካ ግን አንድ ቃል እንዳልሰማ። ስለ ጦርነት፣ ስለ ባንዲራ፣ ስለ ዜና… ኖ!»

«እኔ አልጀምርም» አለ የፊተኛው።

«እኔስ መቼ ጀምሬ አውቃለሁ?» አለ የኋለኛው ለመስኮቱ።

አሳምነው የፊተኛውን ሰውዬ ወደ ጎን ዞር ብሎ አየው። ክርኑ ያለቀ ቡናማ ሹራብ ነው የለበሰው። «ሲሞን፣ ለሽምግልና እኮ ነው የምንሄደው። ኮት የለህም?»

«ኮቴ ያለበት አለ» አለ ሲሞን። የኋለኛው ጉሮሮውን ጠረገ።

ሲሞን ሰማንያ ሊሞላው ትንሽ የቀረው፣ ባግዳድ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። በልጅነቱ ከነቤተሰቡ ተሰዶ፣ አገር ላገር ዞሮ፣ በመጨረሻ ሚድ ሲቲ በሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ አሮጌ ሕንፃ ገዝቶ ያከራያል። የኋለኛው ቡሎስ ይባላል፤ በእኛ አፍ ጳውሎስ ማለት ነው። ኢየሩሳሌም የተወለደ ፍልስጤማዊ ልብስ ሰፊ ነው። ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶች መሐል የተሰነቀረች ጠባብ ሱቅ አለችው። የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ ሱሪ የሚያሳጥረውም፣ የሐበሻ ቀሚስ ዚፕ የሚያስቀይረውም እሱ ዘንድ ነው።

ከጋዛው ጦርነት በፊት ሁለቱ የሚለያዩ ሰዎች አልነበሩም። ሲሞን በየቀኑ ከሰዓት እግሩን እየጎተተ ይመጣና ከስፌት መኪናው አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ የዱባ ፍሬ እየቆረጠሙ በዐረብኛ ይጨቃጨቃሉ። ዓሣ እንዴት እንደሚጠበስ፣ ሐኪም ሁሉ ሌባ እንደሆነ፣ የድሮ ዘፈን ከአሁኑ በስንት እጥፍ እንደሚሻል። አሳምነው በስደት ሱዳን ሲኖር ዐረብኛ ለምዷልና አንዳንዴ ሦስተኛ ሆኖ ይጨቃጨቅ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ በርጩማዋ ባዶ ቀረች። ሲሞን በረንዳው ላይ የእስራኤልን ባንዲራ ሰቀለ፤ ቡሎስ በሱቁ መስታወት ላይ የፍልስጤምን ለጠፈ። ይኸው ሁለት ዓመት አለፈ። ሰፈሩም «ፖለቲካ ነው፣ አትግቡበት» ብሎ ተወው። አሳምነውም ተወው። ሁለቱንም ሰላም እያለ፣ ያንዱን ስም ሌላው ፊት ሳያነሳ መኖርን ተካነበት።

ታዲያ ዛሬ አንድ መኪና ውስጥ ያገናኛቸው ማን ነው? ዮፍታሄ ነዋ!

ዮፍታሄ በዲቪ የመጣ ልጅ ነው። ሎስ አንጀለስ ሲገባ ኤርፖርት የተቀበለው ዘመድ አልነበረም። ሲሞን ያለ ዋስ የጓሮ ክፍል አከራየው፤ ቡሎስ ካውያ አስይዞ የመጀመሪያ ሥራውን ሰጠው፤ አሳምነው መንዳት አስተማረው። ልጁ ፓርክ ማድረግ እስኪችል ድረስ የአሳምነው ካምሪ ግራና ቀኟን ተልጣለች። ዛሬ የሆሊውድ ሆቴል እንግዶችን መኪና የሚያቆመው እሱ ነው። እና ፀዲን ወደደ። ፀዲም ወደደችው። ፀዲ ሎንግ ቢች ሆስፒታል የምትሠራ፣ የጋሽ ዘርዓብሩክ አንድዬ ልጅ ናት።

ጋሽ ዘርዓብሩክ ቀላል ሰው አይደለም። ፌርፋክስ ላይ የበርበሬና የሽሮ ሱቅ አለው፤ ቤተክርስቲያን ኮሚቴ ውስጥ እሱ ካልተናገረ ስብሰባው አይዘጋም፤ ፈገግታው የሚታየው ለዓመት በዓል ብቻ ነው። ልጁ ጉዳዩን ብታነሳለት «ሽማግሌ ይላክ» አለ። ቀጠለና፣ «ግን የተለቃቀመ ሽማግሌ አልቀበልም» አለ። ይህን ማለቱ አይፈረድበትም። ዘመድ የሌለው ጎረምሳ ሁሉ ከቅዳሴ መልስ ነጠላ የለበሱ ሦስት አዛውንቶችን ለምኖ ይልካል፤ አዛውንቶቹም የልጁን ስም የሚጠያየቁት የሴቷ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመው ነው። «የሚያውቁት ሰዎች ይምጡ። ያበሉት፣ የተቆጡት» አለ ዘርዓብሩክ።

ዮፍታሄ ቢያወጣ ቢያወርድ፣ በዚህ ከተማ ያበሉትና የተቆጡት ሰዎች አንድ አይሁድ፣ አንድ ዐረብና አንድ የወሎ እስላም ሆኑበት።

«ጋሼ፣ ሌላ ሰው የለኝም» አለው ለአሳምነው፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «አባቷ እምቢ ካሉ ፀዲ ረግጣቸው አትመጣም። ነግራኛለች።»

አሳምነውና ባለቤቱ ሱዓድ ልጅ የላቸውም። ዮፍታሄ ቤታቸው ሲመጣ ማቀዝቀዣውን ራሱ ከፍቶ የሚበላውን የሚፈልግ እንግዳ ነው፤ ሱዓድ በዚህ ነገር ደስታዋን አትችለውም። «እናመጣቸዋለን» አለ አሳምነው። የገባበትን ነገር ያወቀው ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ሲሞንን ሲጠይቀው «እሱም ይመጣል?» አለ፣ ስሙን ሳይጠራ። «ይመጣል።» «ለልጁ ስል እመጣለሁ።» ቡሎስም ቃል በቃል ይህንኑ አለ።

እንዲህ ሆኖ ነው ዘርዓብሩክ ደጃፍ የደረሱት።

በሩን የከፈተው ራሱ ዘርዓብሩክ ነው። ሙሉ ሱፍ ለብሷል፤ ኮቱ ሆዱ ላይ አልቆለፍ ብሎት ክፍቱን ትቶታል። በሌላ ቀን አሳምነውን «አንተ» ነው የሚለው፤ ዛሬ አንቱታውን አወጣ። «አቶ አሳምነው፣ ይግቡ። ይቀመጡ እንጂ።»

«ጉዳይ አለን» አለ አሳምነው እጁን ወደ ፊት አጣምሮ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

ዘርዓብሩክ ሦስቱን ተራ በተራ አያቸው። ከወጥ ቤት የሽሮና የምስር ሽታ ይመጣል። ባለቤቱ እትዬ ቦሰና ሥጋ የሚባል ነገር አላሰበችም፤ የማን ሥጋ ለማን እንደማይቀርብ ታውቃለችና ሁሉን ጾም አድርጋ ተገላግላለች። «ከነዚህ መሐል አንድ ክርስቲያን እንኳን ይገኛል?» አለ ዘርዓብሩክ በአማርኛ። ቀልድ ይሁን ምሬት አይለይም።

አሳምነው ተረጎመ። ቡሎስ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ትልቅ ፎቶ ጠቆመ። ዘርዓብሩክ ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ ሲመለስ ያመጣው የጎልጎታ ቤተክርስቲያን ፎቶ ነው። «እዚያ ነው የተጠመቅኩት» አለ ቡሎስ። «እናቴም፣ የእናቴም እናት።»

ዘርዓብሩክ ፎቶውን አየ፤ ሰውዬውን አየ። ያንን ደጃፍ ለመሳለም ግማሽ ዕድሜውን የተመኘ ሰው ነው። የደጃፉ ተወላጅ ከሱቁ ሁለት በር አልፎ ሱሪ ሲያሳጥርለት ኖሯል።

«ዐረብ አይደለህም እንዴ?»

«ዐረብ ነኝ።»

«የኔም እናት ያጠባችኝ በዐረብኛ ነው» አለ ሲሞን፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ዘርዓብሩክ ግራ ገባው። ዐረቡ ክርስቲያን፣ አይሁዱ ዐረብኛ ተናጋሪ፣ አሳምነው የሚባለው ደግሞ እስላም። ዓለምን እንደ ሱቁ መደርደሪያ በርበሬውን ለብቻ፣ ሽሮውን ለብቻ አድርጎ ለሚያውቅ ሰው ይህ ድካም ነው። «እሺ» አለ በመጨረሻ፤ «ጉዳያችሁን ልስማ።»

አሳምነው እንደ ወጉ ከፈተ። ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን መጥተናል አለ። ከዚያ ሲሞን ተራውን ወሰደ። «ልጆቼ በስልክ ነው የሚጠይቁኝ» አለ። «ይኼ ልጅ ግን ማታ ከሥራ ሲመጣ በሬን ያንኳኳና በልተሃል ወይ ይለኛል። በልቻለሁ ብዬ ብዋሸውም ገብቶ ድስቱን ከፍቶ ያያል።»

«እኔ ጋ ሲሠራ የደንበኛ ሸሚዝ አቃጥሏል» አለ ቡሎስ። አሳምነው ደነገጠ። «ብዙ ሸሚዝ። ግን አንዴም ደብቆ አያውቅም። ይዞት ይመጣና አቃጠልኩ ይላል። ይህን ያህል ዘመን ስሠራ አቃጠልኩ ብሎ የመጣ ሠራተኛ እሱ ብቻ ነው።»

የዘርዓብሩክ ከንፈር ጫፍ ሲንቀሳቀስ አሳምነው አየ። ፈገግታ ሊባል ምንም አልቀረው። በቃ፣ ተሳካ ሲል የሲሞን ጉልበት ይንቀጠቀጥ ጀመር። በዚህ ዕድሜው ይህን ያህል ቆሞ አያውቅም። ቡሎስ ፊቱን ሳያዞር እጁን ዘርግቶ የሲሞንን ክርን ደገፈ። ሲሞንም ክርኑን አላላቀቀም። ግን አንዳቸውም ሌላውን አላዩም።

ዘርዓብሩክ አስተዋለ። «እነዚህ ሰዎች ተኳርፈዋል እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ» ብሎ አሳምነው ዋሸ።

«ታዲያ ለምን አይተያዩም?»

ይህን ጊዜ ሲሞን በዐረብኛ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቡሎስን አናገረው። «እጅህ አሁን ነው የተዘረጋው?»

«በሬ ክፍት ነበር» አለ ቡሎስ። «ያልመጣኸው አንተ ነህ።»

«ምን አሉ?» አለ ዘርዓብሩክ።

አሳምነው ላብ በላብ ሆነ። «እ… እግሬን ደከመኝ አለ። እሱም በርታ አለው።»

«እንደሱ አላለም!»

ድምፁ የመጣው ከወጥ ቤቱ በር ነው። እትዬ ቦሰና ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ቆማለች። አሳምነው ምድር ብትውጠው በወደደ። ቦሰና ካርቱም ሰው ቤት ሠርታ ነው ወደዚህ አገር የመጣችው። ዐረብኛዋ ከሱ ይሻላል። ይህን እያወቀ እንዴት እንደረሳው አላህ ይወቅ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን የሚሰማቸው ሰው መኖሩንም ረስተዋል። «የወንድሜን የልጅ ልጅ ገደሏት» አለ ሲሞን። «በዚያ በጦርነቱ የመጀመሪያ ቀን። ሰርግ እንኳን ያላየች ልጅ። ሰባቱን የሐዘን ቀን ሙሉ ቤቴ ቁጭ ብዬ በሩን አየሁ። ሰው ይመጣል፣ አንተ የለህም። እስክትመጣ መጠበቅ አቃተኝና ራሴ መጣሁ። መንገድ ማቋረጫው ላይ ደርሼ ሳይ መስታወትህ ላይ ባንዲራ ለጥፈሃል። ተመለስኩ።»

«ያንተ ባንዲራ ቀድሞ ተሰቅሎ ነበር» አለ ቡሎስ። «በረንዳህ ሥር ቆሜ አይቼዋለሁ። ደወሉን ልጫን እጄን አንስቼ ነበር። አሁንስ ምን ይለኛል ብዬ ተመለስኩ። ከዚያ እህቴ… ጋዛ ያለው ቤቷ በቦምብ እላይዋ ላይ ተደረመሰ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እህቴ! ስለ እሷ ስንቴ አውርቼሃለሁ? ያን ሰሞን ሱቄን አልዘጋሁም። ትመጣለህ ብዬ ነው ያልዘጋሁት።»

«ምንድን ነው የሚሉት? ፖለቲካ ነው?» አለ ዘርዓብሩክ።

«ምን ፖለቲካ!» አለች ቦሰና። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ለቅሶ አልደረስክልኝም ነው የሚባባሉት።»

ይህን ቃል የሰማ ሐበሻ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። ድንበሩንም፣ ባንዲራውንም፣ ዜናውንም አሳምነው «የነሱ ጉዳይ ነው» ብሎ ሲሸሸው ኖሯል። ለቅሶ አልደረስክልኝም ግን ወንድምና እህትን የሚያለያይ ቂም ነው። የፌርፋክስ ሐበሻ በዓይኑ አይቶት ለማያውቀው የጓደኛ አጎት እስከ ላስ ቬጋስ ድራይቭ አድርጎ ለቅሶ ይደርሳል። ቦሰና ቀስ ብላ፣ «እኛስ?» አለች። «ማናችን ደረስንላቸው?»

የአሳምነው ፊት ጋለ። ሱዓድ ያኔ «እንሂድ እንጂ» ብላው ነበር፤ «ወደ አንዱ ከሄድን ሌላው ይቀየማል» ብሎ ያስቀራት እሱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በብልሃት ይኖር የመሰለው አሁን ሲያየው ተራ ፍርሃት ነው። አፈረ፤ ከልቡ አፈረ።

ዘርዓብሩክ ግን ሌላ ነገር አስጨንቆታል። «አቶ አሳምነው» አለ፤ «በልጄ ቀን ቤቴ ውስጥ ሞት አይነሳም። ገዷን አታበላሹባት። እንዲህ ተቀያይመው ለሽምግልና መምጣታቸው ራሱ ነውር ነው። ይሂዱ። ጉዳያችሁን አልተቀበልኩም።» በሩን ሊከፍት እጁን ሰደደ።

አሳምነው ዮፍታሄን አሰበው። ሱዓድ አጠገብ ተቀምጦ፣ ስልኩን ሁለት እጁ ላይ ይዞ፣ ጥሪ እየጠበቀ ነው። ምን ብሎ ነው የሚነግረው? ሽማግሌዎችህ ተጣልተው ሚስትህን አሳጡህ ይበለው?

«መቀበል አለመቀበልህ ይደርሳል» አለች ቦሰና ለባሏ። «እኔ ግን ሐዘንተኛ ቤቴ ቆሞ ምስር አላማስልም።» ወደ ውስጥ ገባች። ስትመለስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ዘርዓብሩክ «ቦሴ፣ ተይ» አለ፤ አልሰማችውም። ሲሞን ፊት ሄዳ ጎንበስ አለች። በካርቱም ዐረብኛዋ አቀናብራ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ዘግይተናል፣ ይቅር በለን አለችው። ዞራ ለቡሎስ ያንኑ ደገመችለት። ቡሎስ እጇን ይዞ እንደ ልጅ አለቀሰ። ያ ሰው ሲያለቅስ የሰፈሩ ሰው አይቶት አያውቅም።

ሲሞን ቡሎስ ሲያለቅስ አየና መቆም አቃተው። ሳይባል ሶፋው ላይ ዘፍ አለ። ቡሎስም አጠገቡ ተቀመጠ። የሽምግልናው ወግ እዚያው ላይ ፈረሰ። «የልጅቷ ስም ማን ነበር?» አለ ቡሎስ። «አቢጋኤል።» ቡሎስ በእጁ አፉን ሸፈነና፣ በዐረብኛቸው አላህ ይማራት አለ። ሲሞንም «መርየምንም ይማራት» አለ። የቡሎስን እህት ስም አልረሳውም። አሳምነው አልተረጎመም፤ ዘርዓብሩክም አልጠየቀም።

ዘርዓብሩክ የበሩን እጀታ ለቀቀ። በኋላ መጥቶ ሁለቱን በየተራ በእንግሊዝኛ «ሶሪ» አላቸው። ወደ አሳምነው ዞረና ድምፁን አጠነከረ። «ዛሬ መልስ የለኝም። የልጄ ነገር ከሐዘን ጋር አይቀላቀልም። የሚመጣው እሑድ ለቅሷቸውን እንደርሳለን። ስለ ጋብቻው ከዚያ በኋላ አስብበታለሁ።»

ዮፍታሄ ይህን ሲሰማ ትከሻው ወደቀ። «አስብበታለሁ ካሉማ እምቢ ማለታቸው ነው፣ ጋሼ።» ሱዓድ «ዝም ብለህ ራትህን ብላ» አለችው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የፌርፋክስ ሰው ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ጎረፈ። ሲሞንና ቡሎስ ለየብቻ መቀመጥ አልፈለጉም፤ አንድ ላይ ተቀመጡ፣ ሲሞን በዚያችው በርጩማ ላይ። ሱቋ ጠባብ ናት፤ የምግብ ቤቶቹ የፕላስቲክ ወንበር እግረኛው መንገድ ላይ ተደረደረ። ሰዉ እየገባ ለሁለቱም እግዜር ያጽናችሁ ይላል፣ ትንሽ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ለሌላው ቦታ ይለቃል። እታገኝ የምትባለው የፀጉር ቤቷ ሴት ደረቷን ልትመታ ቃጥቷት ሰው ከለከላት። ሲሞን ይህን ሁሉ ሕዝብ አይቶ፣ «እነዚህ ሁሉ ያውቁኛል?» አለ።

ባንዲራዎቹ አልወረዱም። ያንደኛው በረንዳው ላይ፣ ያንደኛው መስታወቱ ላይ እንዳሉ ናቸው። ስለ ጦርነቱ የሚያስቡትም አንድ አልሆነም። ሰው ትንሽ ፋታ ሲሰጣቸው በዐረብኛ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ሲከራከሩ አሳምነው ሰምቷል፤ ሲሞን ተቆጥቶ እስከ በሩ ከሄደ በኋላ ራሱ ተመልሶ ተቀመጠ። አሳምነውን ደስ ያሰኘው ይህ መመለሱ ነው።

ዮፍታሄ በጆግ ውሃ እያዞረ ነበር። ዘርዓብሩክ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ልጁ ውሃውን አጎንብሶ ሰጠው፤ ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም። ፀዲ ከእናቷ ጋር ማዶ ሆና ሁለቱንም ታያለች። ዘርዓብሩክ ውሃውን ጠጣና ብርጭቆውን መለሰ።

ሰው ሳሳ ሲል ቡሎስ ተነሳና ከሱቁ ጀርባ ከተሰቀለው ልብስ ሁሉ ኋላ፣ በላስቲክ የተሸፈነ ግራጫ ኮት አወረደ። ላስቲኩ አቧራ ጠጥቷል። «ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ለጥገና የሰጠኸኝ ነው» አለው ለሲሞን። ክርኑ ተጠግኗል፣ ገበሩ ተቀይሯል፣ ቁልፎቹ ጠብቀዋል። ሁለት ዓመት ተሰቅሎ ሳይጣል፣ ሳይሰጥ ቆይቷል። አሳምነው ያን ጊዜ ነው «ኮቴ ያለበት አለ» የተባለው የገባው።

ሲሞን ቆመ፤ ቡሎስ አለበሰው። ኮቱ ከትከሻው ላይ ተንሸራቶ ወረደ። የግዙፍ ሰው ልብስ ነበር፤ ሰውዬው ግን በሁለቱ ዓመት አንሷል። ቡሎስ ጀርባውን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ያዘና ምን ያህል ትርፍ እንዳለው አየ። «በጣም ከስተሃል» አለ። ከዚያ መርፌ ቁልፎቹን አፉ ውስጥ ከትቶ ኮቱን እዚህም እዚያም ማያያዝ ጀመረ፤ እንባው ጉንጩ ላይ ይወርዳል፤ እጁ ግን አልተሳሳተም።

«ተወው፣ በዚህ ዕድሜዬ የት ልለብሰው?» አለ ሲሞን።

ቡሎስ መርፌዎቹን ከአፉ አወጣ። ሁሉም እንዲሰማው ይሁን ሳያስበው፣ በእንግሊዝኛ ነው የተናገረው። «አጥብቤ አስተካክለዋለሁ። ለሰርጉ ይደርሳል።»

ዮፍታሄ የያዘው ጆግ እጁ ላይ ቀረ። አሳምነው በልቡ፣ አይ ቡሎስ፣ ጨረስከን አለ። ለቅሶ ላይ፣ አባትየው አጠገብ፣ መልስ ያልተሰጠበትን ሰርግ ያነሳል!

«የማን ሰርግ?» አለ ዘርዓብሩክ።

ዘርዓብሩክ ከወንበሩ ተነሳ። ዮፍታሄን ከእግሩ እስከ ራሱ አየው፤ ከዚያ ኮት የተደረበበትን አዛውንትና መርፌ የያዘውን አዛውንት አየ። የሚያውቁት፣ ያበሉትና የተቆጡት ሰዎች ይምጡ ብሎ የጠየቀው ራሱ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ሁለት ዓመት አንዱ የሌላውን በር ሳይደፍሩ ኖረው፣ ለዚህ ልጅ ብለው የሱን በር አብረው ረግጠዋል። ቀስ ብሎ ኮቱን አውልቆ ለቡሎስ ዘረጋለት።

«የኔም ሆዴ ላይ አልቆለፍ ብሎኛል» አለ። «ለዚያው ሰርግ ይደርሳል?»

ሱዓድ እልል ልትል አፏን ከፈተችና ለቅሶ ላይ መሆኗ ትዝ ሲላት በሁለት እጇ ያዘችው። ፀዲ ግን አልቻለችም፤ መንገዱ ላይ ወጥታ በደስታ ጮኸች። ዮፍታሄ ጆጉን የት እንደሚያስቀምጥ ጠፍቶት ለአሳምነው ሰጠውና እየሮጠ ተከተላት። አሳምነው ጆጉን እንዳቀፈ፣ ሽማግሌነቱን ረስቶ፣ እንባውን በትከሻው ይጠርጋል።

ቡሎስ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በዘርዓብሩክ ወገብ ዙሪያ አዞረው። ዘርዓብሩክ ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ።

«አትሳበው» አለው ቡሎስ። «በሰርጉ ቀን እኮ ትበላለህ።»